ትንንሽ የተፈጥሮ ሥዕሎችን በውሃ ቀለም መሣልን የዘወትር ልማድ ለማድረግ

ሥዕል የሚወዱ ብዙ ሰዎች መሣል የሚያቆሙት ችሎታ አጥተው ሳይሆን የጀመሩት ሥራ ከጊዜያቸውና ከኪሳቸው በላይ ስለሚሆንባቸው ነው። ትልቅ ሸራ ተወጥሮ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ባለቤቱን ያስፈራዋል፤ ቅዳሜ ይጀመራል፣ እሁድ እንግዳ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሳቡ ቀዝቅዞ ይገኛል። ከፖስታ ካርድ የማይበልጥ ወረቀት ግን አንዴ ቁጭ እንደተባለ ተጀምሮ ያልቃል፤ ቢበላሽም አያስቆጭም፤ ከሥራ መልስ የምትገኘው ግማሽ ሰዓትም ትበቃዋለች። ይህ ጽሑፍ ቅጠልን፣ አበባን፣ ደመናንና ተራራን በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም እየሣሉ ልማዱን ማቆየት የሚቻልበትን መንገድ ያብራራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተወሰዱ ናቸው፤ ሌላ ቦታ የሚኖር አንባቢ በአቅራቢያው በሚያገኘው ዛፍና ሰማይ ሊተካቸው ይችላል።

ዕቃው

አክሪሊክ ቀለም በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም ለአጭር ጊዜ ሥራ የውሃ ቀለም የተሻለ ነው። አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ በውሃ አይመለስም፤ መቀላቀያው ላይ የተረፈው ይጣላል፣ ሳይታጠብ የቆየ ብሩሽም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የውሃ ቀለም ግን መቀላቀያው ላይ ደርቆ ለወር ቢቀመጥ እንኳ ጥቂት ውሃ ሲነካው ይነሣል። በመሆኑም ዕቃውን ማዘጋጀትም ሆነ መሰብሰብ ደቂቃዎችን ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ ልማድን የሚያቆየው ወይም የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው።

ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ወረቀቱ ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል ስለሚመዝን ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፣ ብሩሽ ሲደጋገምበትም ይላጣል። ለውሃ ቀለም የሚሆነው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ፊቱ ጥቂት ሻካራ የሆነ ወረቀት ነው። ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ውድ ነው፤ የአነስተኛ ሥዕል ጥቅምም እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። በተለመደው መጠን ማለትም 56 በ76 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሚሸጠውን አንድ ሙሉ ወረቀት በስፋቱም በርዝመቱም አምስት አምስት ቦታ ብትከፍሉት፣ እያንዳንዱ 11 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ 25 ቁራጭ ይወጣዋል። ወረቀቱን በገዛችሁበት ዕለት በማስመሪያና በካተር ቆራርጣችሁ በሣጥን አስቀምጡት። ወረቀት ለመቁረጥ መነሣት የሚያስፈልግበት ቀን ሳይሣል የሚታለፍ ቀን ነውና።

ቀለም አምስት ይበቃል፤ እነርሱም ሎሚ ቢጫ፣ የሎ ኦከር የሚባለው አፈርማ ቢጫ፣ ኩዊናክሪዶን ሮዝ፣ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ናቸው። ጥቁር አያስፈልግም፤ አልትራማሪንና በርንት ሲየና በወፍራሙ ሲቀላቀሉ ከጥቁር የማይተናነስ ጥልቅ ቀለም ይሰጣሉ፤ ውሃ ሲበዛባቸው ደግሞ የዝናብ ደመናን የሚመስል ግራጫ ይሆናሉ። ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። በቱቦ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አረንጓዴ መግዛት ግን አይመከርም፤ ከቱቦ እንደወጣ የተቀባ አረንጓዴ በአብዛኛው በማንም መስክ ላይ የማይታይ ጩኸታም ቀለም ነው፣ አረንጓዴን ቀላቅሎ ማግኘትን መልመድ ደግሞ ከዚህ ሥራ ትምህርት ግማሹ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀይ ስትመርጡም የድሮውን አሊዛሪን ክሪምሰን ተዉት፤ ብርሃን ሲያገኘው በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

ብሩሽ ሁለት ነው፦ ጫፉ የሚሾል ክብ ቁጥር 8 እና ለጥቃቅን ነገር ቁጥር 2። ትልቁን አዘውትሩ። ትንሹ ብሩሽ ጀማሪን ወደ ዝርዝር እየጎተተ ሥዕሉን የመስመር ክምር ያደርግበታል። ከዚህ ሌላ ሁለት ብርጭቆ ውሃ (አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፣ አንዱ ንጹሕ ሆኖ ለመቀላቀል)፣ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ ነጭ የሴራሚክ ሰሃን፣ እርሳስና ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለመያዝ የሚሆን የወረቀት ፕላስተር ያስፈልጋል። ፕላስተሩ ዙሪያውን ተለጥፎ በመጨረሻ ሲነሣ ንጹሕ ነጭ ጠርዝ ይተዋል፤ ይህ ጠርዝ መካከለኛውን ሥራ እንኳ ያለቀለት ያስመስለዋልና ከወዲሁ ማወቁ አይጎዳም።

ሰዓትና ቦታ

በየቀኑ ካልሣልሁ የሚል ስእለት አትግቡ። የአንድ ቀን መቋረጥ እንደ ሽንፈት ስለሚቆጠር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ሁሉ ይተዋል። በሳምንት ሦስት የታወቁ ቀናት ወስኖ ከነባር ልማድ ጋር ማያያዝ፣ ለምሳሌ ጠዋት ቡና ከተጠጣ በኋላ ወይም ልጆች የቤት ሥራቸውን በሚሠሩበት ሰዓት ማድረግ፣ የበለጠ ይጸናል። ዕቃው በትሪ ላይ ተዘጋጅቶ ከዓይን ሳይርቅ ይቀመጥ።

ለደጅ ሥራ ሰዓት መምረጥ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ጥላው ያጥራል፣ ነገሩ ሁሉ ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል። ቅርጽ ጎልቶ የሚወጣው ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓትና ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ፣ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር ቀለሙ ብሩሽ ገና ሳይነሣ ስለሚደርቅ በጥላ ሥር ተቀምጦ ወረቀቱን አስቀድሞ ማርጠብ ይረዳል፤ በሐምሌ ደግሞ አንዱ ቅብ እስኪደርቅ ብዙ ስለሚያስጠብቅ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ማፈራረቅ ጊዜን ያተርፋል። ክረምቱ በረዶ የሆነበትና ቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የሚመሽበት አገር የሚኖር ሰውም ያነሣውን ቅጠል ወይም የሽንኩርት ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከአንድ ወገን በመብራት እያበራ መሥራት ይችላል።

ርዕሰ ጉዳይን በተመለከተ ሁልጊዜ አዲስ ነገር መፈለግ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጉዳቱ ይበልጣል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 እ.ኤ.አ. ለንደን አጠገብ ሃምፕስቴድ ሆኖ ሰማይንና ደመናን በወረቀት ላይ በዘይት ቀለም ደጋግሞ ሥሏል፤ በብዙዎቹ ጀርባም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ጽፏል። ለሕዝብ ለማሳየት የተሠሩ ሥዕሎች አልነበሩም፤ የታላላቆቹ ሥራዎቹ ሰማይ ግን ሕይወት ያገኘው ከዚህ ልምምድ ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ የኮረብታ ጫፍ፣ ከመስኮት የሚታይ አንድ የሰማይ ቁራጭ መርጦ መመላለስ፣ ልዩነትን ማየት ያስተምራል።

አንድ የአደይ አበባ ዘንግ

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ማሳየቱ ይሻላል። መስከረም ላይ መስኩን የሚሞላው አደይ አበባ ቀላል ይምሰል እንጂ የውሃ ቀለምን ዋና ሕግ ለማስተማር እንደ እርሱ ያለ የለም። የውሃ ቀለም ብርሃን አስተላላፊ በመሆኑ አረንጓዴ ላይ የተቀባ ቢጫ ቢጫ ሆኖ አይታይም፤ ቆሻሻ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው የግድ ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ ይሄዳል፤ አበባውም የሚወጣው በዙሪያው ያለውን ጥቁር በመቀባት ነው።

አንድ ዘንግ ቆርጣችሁ በብርጭቆ አቁሙና ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቱት። ፊት ለፊት የሚያየው አበባ ክብ ሲሆን ዘወር ያለው ሞላላ መሆኑን፣ የአበባው ቅጠሎች በርዝመታቸው ስስ ስንጥቅ መስመር እንዳላቸው፣ መሐሉ ከጠርዙ ይልቅ ወደ ብርቱካን እንደሚያደላ፣ ግንዱ ላይ ያሉት ቅጠሎች ደግሞ የተበጣጠሱ መሆናቸውን ልብ በሉ። ከዚያ በእርሳስ የሁለት አበቦችን ጠቅላላ ቅርጽና የግንዱን መስመር ብቻ ሳስ አድርጋችሁ አስምሩ። እያንዳንዱን የአበባ ቅጠል ለየብቻ መሣል አሁን ጊዜው አይደለም።

ሎሚ ቢጫውን ውሃ አብዝታችሁ በጥብጡና የአበቦቹን ቅርጽ በሙሉ በትልቁ ብሩሽ ሙሉ፤ ብርሃን በሚመታበት ወገን ጥቂት ነጭ ይቅር። ቅቡ እርጥብ ሳለ ወደ መሐሉ አንድ ጠብታ የሎ ኦከር ብትነኩት ራሱ ይሰራጫል፣ በእጅ የማይገኝ ለስላሳ ሽግግርም ይሰጣል። አሁን እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። መድረቁን ለማወቅ የእጅን ጀርባ ወደ ወረቀቱ አስጠግቶ በቀስታ መንካት ይበቃል፤ ቀዝቀዝ ካለ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ብዙዎች የሚበላሽባቸው እዚህ ላይ ነው፦ በግማሽ የደረቀ ቅብ ላይ እርጥብ ብሩሽ ሲያርፍ ውሃው ቀለሙን ገፍቶ አበባ ጎመን የሚመስል የተቦረቦረ ጠርዝ ይፈጥራል።

ከደረቀ በኋላ የሎ ኦከርን ከእንጥፍጣፊ ሮዝ ጋር ቀላቅላችሁ በቅጠሎቹ መደራረቢያና በመሐሉ ዙሪያ ጥላውን ብቻ አስቀምጡ። ቀጥሎ ጥቁሩ አረንጓዴ ይመጣል። አልትራማሪንንና ሎሚ ቢጫን ቀላቅላችሁ ጩኸቱን በጥቂት በርንት ሲየና አብርዱትና የብሩሹን ሹል ጫፍ በአበባው ቅጠሎች መካከል እያስገባችሁ ዙሪያውን ቀቡ። ቅርጽ አልባ የነበረው ቢጫ ቅጠል በቅጠል እየተለየ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። አረንጓዴው ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ሲሄድ በንጹሕ ውሃ ይሳሳ እንጂ በሁሉም ቦታ እኩል አይጥቆር። በመጨረሻ በትንሹ ብሩሽ ለመሐሉ ጥቂት የበርንት ሲየና ነጥቦች፣ ለግንዱም አንድ ጊዜ ሳይቋረጥ የሚሳብ መስመር ይበቃሉ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ከእርጥቡ ይልቅ ፈዞ ስለሚታይ ጥቁሩን ከሚመስላችሁ አንድ ደረጃ አጠንክሩት።

ከአበባው ሌላ

አረንጓዴን ለመማር ከነጭ ባሕር ዛፍ የተሻለ መምህር ማግኘት ያስቸግራል፤ ዛፉ ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ዙሪያ ከተተከለ ወዲህ ለዓይን የማይርቅ ሆኗል። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ክብ ቢጤ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የበቀለ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ሰማያዊ ግራጫ ነው። ያደገው ዛፍ ቅጠል ግን ማጭድ መስሎ ረዝሞ የተንጠለጠለ፣ ለስላሳና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሣሉ። ለጋው በአልትራማሪን፣ በጥቂት የሎ ኦከርና በብዙ ውሃ ይገኛል፤ ለጎረመሰው ቢጫው ይጨምርና በበርንት ሲየና ይሰበራል። ከአንድ ዛፍ ሁለት የማይመሳሰሉ አረንጓዴዎች ያየ ሰው «የቅጠል ቀለም» ብሎ አንድ ቀለም ማንሣት ይተዋል።

ለመልክዓ ምድር እንጦጦን ወይም በአካባቢያችሁ ያለውን ጋራ በሦስት ንብርብር ክፈሉት። የሩቁ ተራራ ፈዛዛና ሰማያዊ፣ መካከለኛው ግራጫ አረንጓዴ፣ የቅርቡ ሞቅና ጠቆር ያለ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይነካም። ምክንያቱ በመካከል ያለው አየር ነው፤ ርቀቱ ሲጨምር ቀለሙን እያሳሳ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። በበጋ አቧራው ይህን ሰማያዊ ወደ ገለባ መልክ ይለውጠዋል፤ በመስከረም ዝናብ ካባራ በኋላ ደግሞ አየሩ ስለሚጠራ የሩቁ ተራራ ቅርብ ይመስላል። ለደመና ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ፣ ሰማያዊውን ደመናው በሌለበት ብቻ አስቀምጡ፣ የደመናውን ሆድ በግራጫው ንኩት፣ ከዚያም እጃችሁን አንሡ። ደመና ሲነካካ ጭቃ ይሆናል።

ወፍ አስቸጋሪ ነው፤ አይቆምላችሁም። የደጋው ቁራ ግን ለመጀመር ይመቻል፦ ሰውነቱ ጥቁር፣ መንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው በመሆኑ ነጩን ትቶ ቀሪውን በአንድ ጥቁር ቅብ መሙላት ብቻ ይበቃል። ሲሄድ አይታችሁ፣ ዓይን ጨፍናችሁ አስታውሳችሁ፣ ከዚያ ሣሉት። የስልክ ፎቶ ለማስታወሻ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ካሜራ ጥላን እጅግ አጥቁሮ፣ ብርሃንን አንጥቶ ስለሚያሳይ ፎቶን ብቻ እየገለበጠ የሚሠራ ሰው ሥዕሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንበታል።

ልማዱ እንዲቆይ

የባሕረ ሐሳቡን አራት ወቅቶች መከተል ለዓመቱ የተዘጋጀ ዕቅድ ይሰጣል። በመፀው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ የመጨረሻው አደይ አበባና እየገረጣ የሚሄደው የጤፍ ማሳ አለ። በበጋ የደረቀ ሣርና የግራር ጥላ፣ ከመጋቢት 26 በሚጀምረው ጸደይ የአዲስ አበባ ጃካራንዳ አሉ፤ የጃካራንዳው ሐምራዊ ከአልትራማሪንና ከሮዝ ይገኛል፣ ሮዙ ከበዛ ግን ቦገንቪሊያ ይሆናል። ክረምቱ የደመናና ከመስኮት የሚታይ እርጥብ ቅጠል ጊዜ ነው።

ድካም የበዛበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ሥዕል አትጀምሩ፤ አንድ ቁራጭ ወረቀት በካሬ ከፋፍላችሁ ከሁለት ቀለም ብቻ የሚገኙትን ድብልቆች ሙሉበት። አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ ምንም መንፈስ አይጠይቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜም ተገልጦ የሚታይ መዝገብ ይሆናል። ሥዕሉ ሲያልቅም እንደ ኮንስታብል በጀርባው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የተጠቀማችሁባቸውን ቀለሞች በእርሳስ ጻፉ። ከወራት በኋላ ያ የሚያምር ግራጫ ከምን እንደተገኘ የሚነግራችሁ ይህ ብቻ ነው።

መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ስትጠራጠሩ አንድ መለኪያ አለ፤ ብሩሹ አዲስ ነገር መጨመሩን ትቶ የተቀባውን ማረም ከጀመረ ሥዕሉ አልቋል። ያልወደዳችሁት ቦታ ካለ እስኪደርቅ ጠብቁና በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ አሻሽታችሁ በጨርቅ አንሡት፤ ሁሉም ባይወጣም ይሳሳል። ከዚያ በላይ መታገል ግን ወረቀቱን ይልጠዋል፤ ሌላ ቁራጭ ማውጣት ይሻላል፣ ሃያ አራት ቀርተዋልና። የተበላሹትም አይጣሉ፤ ጀርባቸው ቀለም መሞከሪያ ይሆናል።

ሥዕሉን እንደጨረሱ ወዲያው በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ፣ በእኔ አመለካከት፣ ልማዱን ይጎዳዋል፤ ሰው ሳያውቀው መውደድ የሚያስገኘውን አበባ ብቻ እየመረጠ አስቸጋሪውን ግራጫ ይሸሻል። ወር ሙሉ አጠራቅሞ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ማየት፣ ከዚያ ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱን መርጦ ማሳየት ይሻላል። ፎቶ ስታነሡ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ወረቀቱን አስተኝታችሁ ከላይ አንሡ።

የጫማ ሣጥን ለማስቀመጫ ይበቃል፤ በየመካከሉ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይግባበት፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከመሬትና ከግድግዳ እርጥበት ይራቅ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካለ ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ በመካከላቸው መስኮት የተቆረጠበት ካርቶን ይደረግ፤ ሲነካ በእርጥበት ይጣበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ለማንኛውም የውሃ ቀለም አይሆንም። በስጦታ የምትሰጡት ከሆነ ከጀርባው ካለው ማስታወሻ አጠገብ ስማችሁን ጨምሩና ድብልቁን ለራሳችሁ ገልብጣችሁ አስቀሩ።